«ስፓኒሽ ይችላል» የተባለውን ሠራተኛ እንዴት ይመዝኑታል?

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ልደታ ፍርድ ቤት ባሉት ሕንጻዎች ውስጥ አስጎብኚ ድርጅት፣ አስመጪ፣ ትርጉም ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ ከሆነ አንድ ቀን ከማድሪድ ወይም ከቦጎታ ስልክ ይደወላል። ያኔ ቢሮው በሙሉ ወደ አንድ ሰው ይዞራል። «እሱ ስፓኒሽ ይችላል!» ይችላል የተባለው በምን ተመዝኖ እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ብዙ ጊዜ ማስረጃው ሲቪው ላይ የሰፈረች አንዲት መስመር ናት፤ ወይም ደግሞ አንዴ ከእንግዳ ጋር ሲስቅ መታየቱ።

ይህ መመሪያ ራሳቸው ስፓኒሽ ለማይችሉ ኃላፊዎች ነው። የማያውቁትን ቋንቋ መመዘን ይቻላል፤ ከቋንቋው ሳይሆን ከሥራው እስከጀመሩ ድረስ።

መጀመሪያ፦ ሥራውን በወረቀት ያስፍሩ

ሠራተኛው በስፓኒሽ የሚሠራውን ሁሉ ዘርዝረው ይጻፉ። ስልክ ያነሳል? ለኢሜይል መልስ ይሰጣል? ፕሮፎርማና ውል ያነባል? እንግዳ ይዞ ላሊበላ ይወርዳል? ከሐኪም ጎን ቆሞ ያስተረጉማል? ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ነገር ያክሉ፦ በሳምንት ወይም በወር ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም፣ ቢሳሳት ደግሞ ጉዳቱ ምን እንደሆነ። እንግዳ ተቀባይዋ የቁርስ ሰዓት ብትሳሳት ይቅርታ ጠይቃ ታልፈዋለች። በውል ላይ የተሳሳተ አንድ ዜሮ ግን በይቅርታ አይታለፍም።

ይህን ሲጨርሱ አብዛኛው ሥራ የሚጠይቀው ቋንቋ ከገመቱት ያነሰ ሆኖ ያገኙታል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ደግሞ ከገመቱት እጅግ የበለጠ። የቋንቋ ችሎታን ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ በሚከፍለው በአውሮፓ ምክር ቤት ማዕቀፍ አነጋገር ለእንግዳ መቀበያ ኤ2 ወይም ቢ1 ይበቃል፤ ለአስጎብኚ ቢ2 ያስፈልጋል፤ ውል ለሚተረጉም ከሲ1 በታች መውረድ አደጋ ነው። ይህ የእኔ ግምት ነውና እንደ ሥራዎ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። «ስፓኒሽ መናገር የሚችል» የምትለዋን ሐረግ ግን ከቅጥር ማስታወቂያዎ ላይ ዛሬውኑ ያውጧት። በምትኩ «ከእንግዶች ጋር በስልክ ቀጠሮ መያዝና ማዛወር የሚችል» ብለው ይጻፉ። አመልካቹም እርስዎም ስለ አንድ ነገር መነጋገር ትጀምራላችሁ።

ቋንቋውን የት እንዳገኘው ይጠይቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ስፓኒሽ የሚናገር ሰው ቋንቋውን ያገኘበት መንገድ ብዙ ነገር ይናገራል። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የአንዱ መንገድ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት የኩባ ጦር ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡትን ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ታዳጊዎች ወደ ኩባ ተልከው «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት በአዳሪ ትምህርት ቤት አደጉ። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያ ሆነው የተመለሱት ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። በዕድሜ ገፍተዋል፤ ጡረታ የወጡም ብዙ ናቸው። ይህች ከተማ በስፓኒሽ በኩል ያላት ሀብት በአመዛኙ እነሱ ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የእነሱ ስፓኒሽ በልጅነት የገባ ነው፤ ይቀልዱበታል፣ ይቆጡበታል፣ ሒሳብም ይሠሩበታል። የሚፈተሹት በሌላ ቦታ ነው። የኩባ አነጋገር በቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ይውጣል፤ ፍጥነቱም ለማድሪድ ሰው ጆሮ ይከብዳል። ይህ ጉድለት አይደለምና ነጥብ አይቀንሱበት። ይልቅስ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ቃል፣ የኢሜይልን፣ የባንክ ዝውውርን፣ የኦንላይን ቪዛን ቋንቋ ይዘውት እንደሆነ ይመልከቱ።

ወጣቱ ደግሞ ከተከታታይ ድራማ፣ ከስልክ መተግበሪያ፣ ከእግር ኳስ ጨዋታ አስተላላፊዎች ተምሮ ይመጣል። ጆሮው ክፍት ነው፤ አነጋገሩ ያምራል። አንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ግን ላብ ያጠምቀዋል። ለሁለቱ ተመሳሳይ ፈተና መስጠት አንዱን ያለ አግባብ ይጥላል፣ ሌላውን ያለ አግባብ ያሳልፋል።

የምስክር ወረቀት ካለው

ዋናው ዴሌ የሚባለው ነው፤ የሚያስተዳድረው በ1991 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የስፔኑ ሰርቫንቴስ ተቋም ነው። ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃ አለው፤ ጊዜው አያልፍም። ይህ ለባለቤቱ ጥሩ ነው፤ ለቀጣሪ ግን ከአሥር ዓመት በፊት የተገኘው ወረቀትና የዛሬው ምላስ ላይገናኙ ይችላሉ ማለት ነው። ስዬሌ የሚባለውን ደግሞ ሰርቫንቴስ ከሜክሲኮ ብሔራዊ፣ ከሳላማንካና ከቦነስ አይረስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አብሮ ያዘጋጀዋል፤ እሱ የሚያገለግልበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ወረቀቱን ያክብሩ፤ ቀኑን ያንብቡ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

በመልስ ቁልፍ የሚታረም ፈተና

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። በስፓኒሽ አፉን የፈታ ወይም በቋንቋው የተማረ አንድ ሰው ለአንድ ከሰዓት ይዋሱ፤ አበል ይክፈሉት። በእናንተ ሥራ ላይ በእውነት የሚያጋጥም የአንድ ደቂቃ ተኩል የድምፅ መልእክት በስፓኒሽ ይቅዳልዎ። ይዘቱን እርስዎ በአማርኛ ጽፈው ይስጡት። ለአስጎብኚ ድርጅት ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር፦

ደዋይዋ ከቫሌንሲያ ናት። አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስት ሆነዋል፣ እናቷ አይመጡም። ጥምቀትን ጎንደር ማየት ይፈልጋሉ። የተላከላቸው ዋጋ ላይ አንድ ቁጥር ግልጽ አልሆነም። አንደኛው ተጓዥ ኦቾሎኒ ከበላ ይታፈናል። ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ይደወልላት፤ በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን በእነሱ ግን አልተናገረችም።

ሠራተኛው መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰምቶ ለእርስዎ በአማርኛ ማስታወሻ ይጽፋል። የመልስ ቁልፉ በእጅዎ ነው። ስንት ሰው? ማን ቀረ? ምን አይበላም? መቼ ይደወል? አንድም የስፓኒሽ ቃል ሳያውቁ ማረም ይችላሉ። በቁልፉ ላይ አንድ ልዩ መስመር ይጨምሩ፦ ግልጽ ያልሆነውን ሰዓት «ማጣራት አለብን» ብሎ ጽፏል ወይስ ከራሱ ሞልቶታል? እኔ ብሆን ከሌላው ሁሉ ድምር ይልቅ ለዚህ መስመር ነጥብ እሰጣለሁ። ባልገባው ነገር «እሺ፣ እሺ» እያለ ስልክ የሚዘጋ ሰው፣ አንደበቱ ቅቤ ቢሆንም፣ ለድርጅቱ ዕዳ ነው።

ቀጥሎ ተራውን ያዙሩት። አንድ የአማርኛ መልእክት ይስጡትና በስፓኒሽ ይመልስ፤ በድምፅም በጽሑፍም። ያንን ለሌላ ስፓኒሽ አዋቂ ይላኩና በአማርኛ ምን እንደሚል ይጻፍልዎ፤ የመጀመሪያውን አማርኛ ግን አያሳዩት። ሁለቱን አማርኛዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ የጠፋውና የተጨመረው ራሱ ይወጣል።

በመልእክቶቹ ውስጥ ሆነ ብለው የሚቀብሯቸው ወጥመዶች አሉ። በእኛ ሥራ ላይ ደጋግመው ሰው የሚጥሉት እነዚህ ናቸው።

ሰዓትና ቀን። የእኛ 3 ሰዓት የእነሱ 9 ነው። የእኛ መስከረም 17 ለእነሱ ሴፕቴምበር 27 ነው፣ በአንዳንድ ዓመት 28። ከሁሉ የሚከፋው ጥምቀት ነው፦ ሠራተኛው «ኤፒፋኒያ» ብሎ ብቻ ከተረጎመው ስፔናዊው የሚያውቀው ኤፒፋኒያ የሦስቱ ነገሥታት በዓል ነው፤ እሱም በእነሱ ጃንዋሪ 6 ይውላል። የእኛው ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ነው። ጎበዝ ሠራተኛ የበዓሉን ስም ብቻ ሳይሆን ቀኑን አብሮ ይናገራል።

ገንዘብ። ስፔን ውስጥ ሺህ የሚለየው በነጥብ ነው፣ ሳንቲም በነጠላ ሰረዝ፤ ሜክሲኮ ውስጥ እንደኛ ነው። በአንድ ኢንቮይስ ላይ 1.500 የሚለው ከባርሴሎና ከመጣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው፤ ከሜክሲኮ ሲቲ ከመጣ አንድ ነጥብ አምስት ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ የእኛን ቢሊዮን ስፓኒሽ «ሺህ ሚሊዮን» ይለዋል፤ በስፓኒሽ «ቢዮን» የሚባለው ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው። የ2 ቢሊዮን ብር ፕሮጀክት ሲያስተረጉም ሳይጠነቀቅ «ዶስ ቢዮኔስ» ያለ ሰው ገንዘቡን በሺህ አብዝቶታል።

ስም። ይህን ከባህሉ ጋር እመለስበታለሁ።

ንግግሩን የሚሰማልዎ ሰው

የቃል ምዘናውን እርስዎ አያድርጉት። ኩባ የተማረ አንድ ጡረተኛ፣ ወይም በቋንቋው የሚሠራ የሌላ ድርጅት ባልደረባ ይጥሩ፤ የሠራተኛው ዘመድ ወይም አለቃ አይሁን። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ልብ የሚያረጋጋ ወሬ፤ ቀጥሎ ከሥራው ጋር የተያያዘ ጥያቄ፤ ከዚያ ሠራተኛው እስኪደናቀፍ ድረስ ከፍ እያደረጉ መሄድ፤ በመጨረሻ ወደሚችለው መልሶ በፈገግታ መሸኘት። መደናቀፊያው ካልተገኘ ምዘናው አልተካሄደም፤ የጨዋታ ሰዓት ነበር። ፈቃዱን ጠይቀው ድምፁን ይቅዱ፤ ሁለተኛ ሰው ለብቻው ሰምቶ ነጥብ ይስጥ። ሁለቱ መዛኞች በሰፊው ከተለያዩ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከመመዘኛው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ችግር አለ። ኩባ ያደጉ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው የድርጅቱ አንጋፋ ሠራተኛ አሉ እንበል። ኑና ይፈተኑ ማለት ከስድብ ይቆጠራል። እሳቸውን መጀመሪያ ፈተናውን እንዲያዘጋጁልዎ ይጠይቁ። በሚያዘጋጁት መልእክትና በሚሰጡት አስተያየት ችሎታቸውን ያያሉ፤ ክብራቸውም አይነካም። የጽሑፍ ሥራቸውን ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ሥራ ለሁለተኛ አንባቢ ይላኩ።

ባህሉን መመዘን

ስለ ፍላሜንኮና ስለ ኮርማ ትግል የምርጫ ጥያቄ ማዘጋጀት ወረቀት ማባከን ነው። ስፓኒሽ የሃያ ያህል አገሮች ቋንቋ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ለስብሰባ ሲጠራ ከኢኳቶሪያል ጊኒ የሚመጣው ልዑክ ስፓኒሽ ይናገራል፤ ከሰሃራዊ ዓረብ ሪፐብሊክ የሚመጣው ሙስሊም ዲፕሎማትም ምናልባት እንደ እናንተ ጋሼ ኩባ የተማረ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መስተንግዶ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ የሸመደደው አንድ አገር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው የሰበሰበው መረጃ ብዛት ሳይሆን እንግዳው ማን መሆኑን አይቶ አካሄዱን መለወጡ ነው።

በስም ይጀምሩ። የስፓኒሽ ተናጋሪ ሰው በተለምዶ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አንዱ ከአባት፣ ሁለተኛው ከእናት። ፊደል ካስትሮ ሩዝን «ሴኞር ሩዝ» ያለው ሰው የለም፤ ሩዝ የእናቱ ስም ነው። ለሠራተኛዎ ባለ አራት ቃል ስም ያለበት የፓስፖርት ቅጂ ናሙና ይስጡትና ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት፦ በደብዳቤ ላይ ምን ብለህ ትጠራቸዋለህ? ፋይላቸውን በየትኛው ፊደል ታስቀምጠዋለህ? በተራው ደግሞ እንግዳው የእኛን ሰው በአያቱ ስም ቢጠራ፣ ሠራተኛው ሳያሳፍር እንዴት እንደሚያርም በቃል ያሳይ።

አንተና እርስዎን መለየት ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስፓኒሽም «ቱ» እና «ኡስቴድ» አለው። ችግሩ ድንበሩ መለያየቱ ነው። ኩባዊ ቶሎ ወደ «ቱ» ይሻገራል፤ ኮሎምቢያ ውስጥ ብዙ ሰው ለቤተሰቡ እንኳ «ኡስቴድ» ይላል። ሀቫና ባደገ አንደበት የቦጎታን ነጋዴ ባንዴ «ቱ» ማለት ሊቆረቁር ይችላል። በምዘናው ላይ አንድ ወጣት ቱሪስትና አንድ አዛውንት ደንበኛ አድርገው ይተውኑ፤ ሠራተኛው መቀያየሩን መዛኙ ያስተውል።

ከዚያ ታሪክ ያስነግሩት። ሁለት ጥያቄ እመክራለሁ።

አንደኛው ከበራችሁ ላይ ነው። የሜክሲኮ እንግዳ መጥቶ «ይህ አደባባይ ለምን በአገራችን ስም ተጠራ?» ቢል፣ በሁለት ደቂቃ ያስረዳ። ሜክሲኮ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮን ጎብኝተዋል፤ በሜክሲኮ ሲቲ የምድር ባቡር መስመር ላይም «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ የሜክሲኮን ሰው ገና ቡና ሳይቀርብለት ወዳጅ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ይከብዳል። ስፔናዊ ጎብኚ ጎርጎራ ላይ ቆሞ ስለ ፔድሮ ፓኤዝ ይጠይቃል። ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ የገባ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ነው፤ በ1618 ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፏል። ጎብኚው ስሙን በኩራት ያነሳዋል። በእኛ በኩል ግን ነገሩ ከአፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ መግባት፣ ከዚያ ከተከተለው ደም መፋሰስ፣ በ1632 ንጉሡ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ከመልቀቃቸው አይነጠልም። ሠራተኛው እንግዳውን ለማስደሰት ግማሹን ይደብቃል? ወይስ የአራት መቶ ዓመት ቂም በእንግዳው ላይ ያራግፋል? ሁለቱንም ሳያደርግ፣ የፓኤዝን ትጋት ሳይነፍግ የአገሩንም ሰው ሕመም ሳይሸፍን የሚተርክ አስጎብኚ ካገኙ ደመወዙን ያስቡበት።

የዕለት ተዕለቱንም አይርሱ። ስፔናዊ ምሳውን ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ላይ፣ እራቱን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሊፈልግ ይችላል፤ ማዕድ ቤቱ ተዘግቶ እንዳይጠብቀው አስቀድሞ ማነጋገር የሠራተኛው ድርሻ ነው። በጾም ቀን ሥጋ የሌለበትን ምክንያት ያለ ስብከት ማስረዳትም እንዲሁ። ሲያወሩ አፍ መሻማት ለብዙ ስፔናውያንና ኩባውያን የጨዋታ ድምቀት ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ተራ የሚጠብቀው የእኛ ጨዋ ልጅ በስብሰባ ላይ ሐሳብ የሌለው ሊመስላቸው ይችላል። ይህን አውቆ በጊዜው ቃል የሚጥል ሰው ትልቅ ችሎታ አለው።

ክሊኒክና ፍርድ ቤት ከሆነ

ከላይ ያለው ሁሉ እዚህ አይበቃም። በ1980 (እ.ኤ.አ.) በፍሎሪዳ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቡ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ነገር መርዞታል ለማለት። ሐኪሞቹ አደንዛዥ ዕፅ ወስዷል ብለው ተረዱ። በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰው ደም ሳይታይ ቀናት አለፉ፤ ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። አስተርጓሚ ይጠራ ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የተግባባ መስሎት ነበርና። ክሊኒክ ካለዎት ስለ ሕመም፣ ስለ መድኃኒት መጠንና ስለ ፈቃድ የሚያስተረጉመውን ሰው ለብቻው፣ በሕክምና ቃላት፣ አንድ ሐኪም ባለበት ያስመዝኑ። ያላለፈ ሠራተኛ እንግዳውን ወደ ክፍሉ ይመራል፤ ከዚያ አያልፍም።

ልደታ ችሎት በር ላይ ደግሞ «ስፓኒሽ የሚችል ሠራተኛ አለን፣ እሱ ያስተርጉም» የሚል ሐሳብ ቢመጣ ይከልክሉ። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልተረዳ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(7) ተሰጥቶታል። የእርስዎ ሠራተኛ ድርጅቱን የሚወክል ሰው ነው፤ በአስተርጓሚነት መቆሙ ለሁሉም ወገን ጣጣ ነው።

ውጤቱን ምን ያደርጉበታል?

ለአዲስ ተቀጣሪ ምዘናውን በሙከራ ጊዜው ውስጥ ይጨርሱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ አድርጎ ወስኖታል፤ በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ፈተና መስጠት ለማንም አይበጅም። ለነባር ሠራተኛ ግን ምዘናው ለምን እንደሚደረግ፣ ውጤቱን ማን እንደሚያየው፣ ምን እንደሚከተለው አስቀድመው በጽሑፍ ይንገሩት። ውጤቱን ደመወዝ ለመቀነሻ ካዋሉት በሚቀጥለው ዓመት ስፓኒሽ እችላለሁ የሚል ሰው አያገኙም።

ውጤቱን በቁጥር ሳይሆን በፈቃድ መልክ ይጻፉት፦ «ቀጠሮ ብቻውን ይይዛል»፤ «ዋጋ ሲነጋገር ሁለተኛ ሰው ያያል»፤ «ውል አይተረጉምም»። ወረቀቱ በጠረጴዛው መስታወት ሥር ይቀመጥ፤ ስልክ ሲደወል ማን እንደሚያነሳ ክርክር አይኖርም። አበል ካሰቡ ከዚሁ ፈቃድ ጋር ያያይዙት። የድምፅ መልእክቱን በዓመት አንድ ጊዜ በአዲስ ይተኩ፤ ልደታ ውስጥ የፈተና ወሬ ከቢሮ ቢሮ ለመድረስ አንድ የቡና ሰዓት ይበቃዋል።